ይነግሣል እንጂ አይገዛም

ሽማግሌው ሕገ መንግሥት እንደሚጽፉ የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ የነገረችኝም እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ በሽታ ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታቸው ኩሽና ውስጥ ቆመን የመድኃኒቱን ሰዓት አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ሌላ ደግሞ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አንብቢልኝ ይሉሻል። ደክሞኛል በያቸው። ስለ እሱ ማውራት ሲጀምሩ የደም ግፊታቸው ይወጣል።»

«የምን ወረቀት ነው?»

«ንጉሥ የሚመልሱበት ወረቀት» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እሷ የምትኖረው እዚያው አካባቢ አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ ነው። ቅዳሜና እሁድ ትመጣለች፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ሺፍት የእኔ ነበር። ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ፤ እዚህ ሆም ኬር የምንለው ሥራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሀያትስቪል ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የወሎ እስላሞች ነን። ሽማግሌው ዓይናቸው በግላኮማ ተዳክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ስለሚለዩ ሻሼን አላዩትም፤ አነጋገሬን ግን ሰሙ።

«ከወዴት ነሽ ልጄ?»

«ከወሎ።»

ወሎ የት፣ የማን ልጅ እያሉ እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ይቀጥላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ወረቀት ሰድደው፣ «ማንበብ ትችያለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ አባባ።»

«እሱን አይደለም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ደክሞኛል አልኳቸው። የልጃቸውን ትእዛዝ ለአንድ ሳምንት ጠበቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የወረቀቱን ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ አንቀጾቹን በቃላቸው ሲሉ ሰማኋቸው። አንዱ ጋ ሲደርሱ ጠፋባቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ጠፋባቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋባቸው የማጥበውን ሳህን ትቼ ሄድኩና ገጹን ገልጬ አነበብኩላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው እስከ ምሳ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ አዳመጡኝ።

ረቂቁ ባጭሩ ኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥታዊ ንጉሣዊ አገር ትሁን የሚል ነው። መጀመሪያ ላይ ሳቄ መጥቶ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን መጠየቅ ጀመርኩ።

«ንጉሡ ካልገዛ ታዲያ ምን ይሠራል?» አልኳቸው አንድ ቀን ካልሲያቸውን እያጠለቅኩላቸው።

«ይነግሣል እንጂ አይገዛም። ሕግ ሲወጣ ይፈርማል፣ ፓርላማ ይከፍታል፣ እንግዳ ይቀበላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምርጫ ይመጣል፣ በምርጫ ይሄዳል። በጀቱም ሠራዊቱም በእሱ እጅ ነው። ዘውዱ አንድ ሰው ራስ ላይ ይሁን፤ ሥልጣኑ ሌላ ሰው እጅ ላይ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው አገር የሚጠፋው።»

«ፌዴራል የሚለውስ?»

«ክልሎቹ የየራሳቸው ምክር ቤትና የየራሳቸው ሕግ ይኖራቸዋል። ንጉሡ የአንዳቸውም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሰው ይህን ተረት ያደርገዋል። ማሌዥያ ምን ሆነች? ዘጠኝ ሱልጣኖች አሏቸው፤ ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዱን ለአምስት ዓመት ያነግሣሉ። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ሌላው ይተካዋል። የቤልጅጉ ንጉሥ ደግሞ ፓርላማ ፊት ቆሞ ሕገ መንግሥቱን ሊጠብቅ ካልማለ ዙፋኑ ላይ አይወጣም።»

ቶሮንቶ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ዜግነት ስትወስድ ባሕር ማዶ ላለ ንጉሥ እንደማለች ነገርኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።

«አየሽ? ከማለች በኋላ ንጉሡ ቤቷ መጥቶ ግብር ጠየቃት?»

«ኧረ ስሙንም አታነሳው።»

«እንደዚያ ነው መሆን ያለበት» አሉ።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደያዛቸው የነገሩኝ በሌላ ቀን ነው። ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት በነበሩት ወራት የንጉሡን ሥልጣን የሚቀንስ አዲስ ሕገ መንግሥት ይረቀቅ ነበር። ሽማግሌው ያኔ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። ረቂቁን በታይፕ ከመቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። ሥራው ሳያልቅ ወታደሮቹ መጡና ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እሳቸው ግን በጭንቅላታቸው ይዘውት ወጡ፤ በሱዳን በኩል፣ ከዚያ በአውሮፓ፣ ከዚያ እዚህ። የክልሎቹን ክፍል የጨመሩበት አሜሪካ ከመጡ በኋላ ነው። «ያኔ አልገባንም ነበር» ይሉኝ ነበር። «ንጉሡን ብቻ ብንቀንሰው የሚበቃ መስሎን ነበር።»

ተግባብተን ነበር። ማየት ስለማይችሉ የሚያርሙትን እየነገሩኝ እጽፍላቸው ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ስሰግድ ዝም ብለው ይጠብቁኛል፤ ስጨርስ «እሺ፣ ወደ ሥራችን» ይላሉ። ያ ሁሉ አንቀጽ ሰባት ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ንጉሡ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ይሆናል» ይላል። አንብቤ ጨረስኩና ወረቀቱን አስቀመጥኩ።

«ቀጥዪ።»

«አባባ፣ የሁሉም ንጉሥ ነው አላሉኝም?»

«ነው።»

«እኔ ታዲያ ከሁሉም ውስጥ የለሁም?»

«ይህ እምነት ማበላለጥ አይደለም፤ ታሪክ ነው። የእንግሊዙም የቤተ ክርስቲያናቸው ራስ ነው። ዘውድ ከየትም አይመጣም፤ ከነበረው ነው የሚመጣው።»

«ታሪኩ ውስጥ እኛም ነበርን። ማሌዥያን ሲያሞግሱልኝ የነበረው ለዚህ ነው? የእነሱ ንጉሥ ሱልጣን ሆኖ ያምርበታል፣ የእኛ ግን…»

«የማይገባሽን አትናገሪ!»

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። የውኃ ብርጭቆው ወደቀ። ወለሉን ጠረግኩ፣ ምሳ አቀረብኩ፣ መድኃኒት ሰጠሁ። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። በማግሥቱም እንዲሁ። ሐሙስ ጠዋት ጃኬታቸውን ሳለብሳቸው ጭንቅላታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«አሌክሳንድሪያ ስብሰባ ጠርተውኛል፤ ለሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ። ረቂቁን አቅርብ ብለውኛል። እኔ ማንበብ አልችልም። አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

«አንቀጽ ሰባትንም?»

«እሱንም። አልስማማም ካልሽ እዚያው ሰው ፊት ተቃወሚ። ፓርላማ ማለት እሱ ነው።»

ልጃቸው ስትሰማ እሳት ሆነች። ስልክ ደውላ፣ «ደክሞኛል በያቸው ብዬሽ ነበር። አንቺ ጭራሽ ጸሐፊ ሆንሽላቸው» አለችኝ። እሷ ወደዚያ ስብሰባ እንደማትወስዳቸው ነገረችኝ። እዚያ የሚሰበሰቡትን ሽማግሌዎች ታውቃቸዋለች፤ ግማሾቹ ያኔ በተማሪነታቸው ንጉሡን ያወረዱ ናቸው፣ ግማሾቹ በንጉሡ የሚምሉ። «አባቴን መሀል አስገብተው ይቦጫጭቋቸዋል» አለች። እውነቷን እንደሆነ ልቤ ያውቃል። ግን ቅዳሜ የዕረፍት ቀኔ ነበር፣ መኪናም ነበረኝ፣ ቃልም ሰጥቻለሁ።

ስብሰባው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወደ አርባ ሰው ይሆናል፤ ከአምስት ስድስት ሴቶች በቀር ሁሉም ሽማግሌ ወንዶች። ሽማግሌውን ይዤ ስገባ ሰዎች ተነሥተው ጨበጧቸው። እኔን ልጃቸው የመሰልኳቸው ነበሩ። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰብሳቢው፣ ገርነት ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው፣ ጊዜ አጭር መሆኑን ተናግሮ ማይኩን ወደ እኔ ገፋው።

ማንበብ ጀመርኩ። አንቀጽ ሦስት ሳልደርስ ከመሀል አንድ ሰው ተነሣ።

«ይቅርታ! የቀበርነውን ሬሳ ነው እንዴ የምታወጡት?»

«አንተ ቀብረህ ምን አተረፍክ?» አለው ሌላው ከኋላው። «አገሩን አብረህ ቀበርከው እንጂ!»

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን አንኳኳ። ቀጠልኩ። ክልሎቹ ጋ ስደርስ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ክልሉ በቋንቋ ነው ወይስ በመሬት አቀማመጥ? ዋና ከተማውስ የማነው? ሽማግሌው መልስ ሲሰጡ ድምፃቸው ያንሳል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሦስተኛው ሁለቱን ዝም በሉ እያለ ይጮኻል። ሽማግሌው ብርጭቆ ፍለጋ ጠረጴዛውን ዳሰሱ። ውኃ ሰጠኋቸው። በዚህ መሀል የኋላው በር ተከፍቶ ልጃቸው ገባች። ተጣድፋ የመጣች ትመስላለች፤ ግድግዳው ሥር ቆመች።

አንቀጽ ሰባትን አነበብኩ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ ሰውዬ ሻሼን እያየ ፈገግ አለ።

«አንቺስ እህቴ፣ በዚህ ትስማሚያለሽ?»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ፣ «ተናገሪ» አሉኝ በቀስታ።

«አልስማማም» አልኩ። «ንጉሥ የሁሉም ከሆነ እስላሙ ገበሬም ልጄ ንጉሥ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ አለበት። ካልሆነ የጎረቤት ንጉሥ ነው።»

አንዳንዶች አጨበጨቡ። ከንጉሡ ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ ግን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «እንዲህ ከሆነማ ረቂቁን ያንተ አሽከር ናት የጻፈችው!» ብለው ወጡ። ሁለት ሰዎች ተከተሏቸው። አሽከር የሚለውን ቃል እንዳልሰማሁት ሆኜ ገጹን ገለጥኩ።

ያኔ ነው ያ መጀመሪያ የተቃወመው ሰው እንደገና የተነሣው። አሁን አልጮኸም። ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው።

«ሁሉንም ልተው። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ወሎ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ እርስዎ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ንጉሥዎ የት ነበሩ?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መልሱንም ሰምቻለሁ፤ አልተነገራቸውም፣ ደብቀዋቸው ነው ይባላል። ሽማግሌውም ይህንኑ የሚሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ማይኩን በእጃቸው ፈልገው አገኙትና ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ደብዳቤ መጥቶ ነበር» አሉ። «ከወሎ፣ ከአንድ ወረዳ። ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ ነው፣ እህል ይላክልን ይላል። መዝገብ ላይ አስገባሁት። ለአለቃዬ አቀረብኩት። ጃንሆይን የሚያስከፋ ነገር አሁን አይቀርብም፣ ይቆይ አለኝ። አቆየሁት። ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛ መጣ። ከመጀመሪያው ጋር አያያዝኩት። ሦስተኛ አልመጣም።»

እሳቸው የማያዩትን አዳራሽ እያዩ ቀጠሉ።

«አለቃዬን ፈራሁ። እሱም የሚፈራው ነበረው። ንጉሡ የት ነበሩ ብለህ ጠየቅኸኝ። እሳቸው የት እንደነበሩ አላውቅም፤ ወረቀቱ ግን እኔ ጋ ነበር። አንቀጽ አርባ አንድ ያለው ለዚህ ነው።» ከዚያ ያን አንቀጽ በቃላቸው አሉት፤ አንድም ቃል አልጠፋባቸውም። «ከማናቸውም ክልል ስለ ረሃብ ወይም ስለ ወረርሽኝ የሚላክ መልእክት በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ በፌዴራሉ ምክር ቤት በይፋ ይነበባል። ንጉሡም ሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያግደው አይችልም።»

ያን አንቀጽ በእጄ ጽፌዋለሁ። ስጽፈው ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ያስባሉ ብዬ ነበር። አሁን ወረቀቱ እጄ ላይ ከበደኝ። ቀና ስል ልጃቸው የቆመችበት ግድግዳ ባዶ ነበር። ወጥታለች።

ሰብሳቢው ስብሰባውን እንዴት እንደዘጋው አላስታውስም። ሽማግሌውን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ፓርኪንጉ ወሰድኳቸው፤ ቀበቶ አሰርኩላቸው፤ ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ ላይ ወጣሁ። የፖቶማክን ወንዝ በሚሻገረው ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። እዚያ ነው የተናገሩት።

«ወሎ ያልሽኝ ቀን ልነግርሽ ነበር።»

ከፊቴ ያለው መኪና ትንሽ ፈቀቅ ሲል ተከተልኩት።

«ከእናንተ ቤት የሞተ ነበር?»

«እህቴ» አልኩ። «እኔ ሳልወለድ። የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።»

ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስን። ቤት አስገብቻቸው ግፊታቸውን ለካሁ፤ መቶ ሰማንያ አምስት ነበር። መድኃኒት ሰጠሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጥዬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ግፊታቸው እንዲህ እያለ መሄድ ግን አልችልም። በየአሥራ አምስት ደቂቃው እጅጌያቸውን እየሰበሰብኩ፣ ያ ወረቀት ያለፈበትን እጅ እየያዝኩ ለካሁ። ወደ መቶ ሃምሳ ሲወርድ ልጃቸው መጣች። ዓይኗ አብጧል። ወደ እኔ ሳታይ፣ «በቃ፣ ሂጂ» አለችኝ። በሩን ስዘጋ በእንግሊዝኛ «ፊፍቲ ይርስ፣ አባዬ» ስትል ሰማኋት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለእሷም አልነገሯትም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኤጀንሲዬን ኮል አድርጌ ሌላ ሰው እንዲልኩላቸው ጠየቅኩ። ለእናቴ ለምን ሥራ እንዳልሄድኩ መንገር ነበረብኝ። ነገርኳት። ስትሰማ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ እኔ እስክጨርስ መክተፏን አላቆመችም። ምንም አላለችም። ረቡዕ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ለብሳ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«ውሰጅኝ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ሰውየው ጋ።»

«እማዬ፣ የታመሙ ሽማግሌ ናቸው። ምን ልትያቸው ነው?»

«ምን እንደምለው ባውቅ በስልክ እለው ነበር። ተነሽ።»

በእኔ ምትክ የተላከችው ሠራተኛ በሩን ከፈተችልን። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ነበሩ። እናቴን ይዤ መምጣቴን ስነግራቸው ለመነሣት ታገሉ፤ «ይቀመጡ» አለች እናቴ፤ ግን አልተቀመጡም። የወንበሩን እጀታ ይዘው ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ። እሷ ከፊታቸው ያለው ሶፋ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ የሶፋውን ድምፅ ሰምተው ነው የተቀመጡት። ሻይ አፈላሁ። እናቴ ብርጭቆውን አልነካችውም።

«ደብዳቤው ከየትኛው ወረዳ ነበር?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምጿ መለሱ።

«ረሳሁት» አሉ። «የመዝገብ ቁጥሩን አስታውሳለሁ። የወረዳው ስም ጠፋኝ።»

እናቴ የመንደራችንን ስም ነገረቻቸው። ይሁን አይሁን አላወቁም። ከዚያ በሕይወቴ ሙሉ ለእኔ በተርታ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ነገረቻቸው። ከብቱ አልቆ ከመንደር እንደወጡ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰው በተሰበሰበበት ተቀምጠው እህል የጫነ መኪና ይመጣል ሲባል እንደጠበቁ፣ ልጅቷን ጀርባዋ ላይ አድርጋ እንደነበር። ድምጿ አልተሰበረም። የገበያ መንገድ እንደምታሳይ ሰው ነበር የምትናገረው።

«በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን ከጀርባዬ ሳወርዳት ሞታለች» አለች።

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እጃቸውን ሲያወርዱ፣ «ያን ወረቀት አንብበውት ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር?» አለቻቸው።

«አላውቅም እመቤቴ።»

«እኔም አላውቅም።» ወደ እኔ ዞረች። «ያ ስለ ረሃብ የሚለው፣ ስንት ቀን ነው ያልሽኝ?»

«ሦስት ቀን።»

«ሦስት ቀን ይበዛል» አለች።

የምታለቅስ መስሎኝ ልነሣ ስል ሽማግሌው፣ «ወረቀቱን አምጪ» አሉኝ። አመጣሁት። «ሦስት ቀን የሚለውን ሰርዢ። በደረሰ ዕለት ብለሽ ጻፊ።» ሰረዝኩ፤ ጻፍኩ። አነበብኩላቸው።

እናቴ ተነሣች። «እኔ ንጉሥ አልፈልግም» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ያለንጉሥም ሲነበብ አላየሁም። እንግዲህ የፈለጋችሁትን አንግሡ፤ ወረቀቱ ብቻ ይነበብ።» እጇን ሳትዘረጋላቸው፣ «ደህና ይሁኑ» ብላ ወጣች። መኪና ውስጥ ስንገባ ጫማዋን አወለቀች፣ ጠብቧት ነበር፣ እስከ ሀያትስቪል ድረስ እግሯን እያሻሸች ሄደች።

በማግሥቱ ኤጀንሲው ጋ መልሼ ደወልኩና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ይቅር ብያቸው ነው ማለት አልችልም። ለሌሎቹ በሽተኞቼ የማደርገውን ሁሉ አደርግላቸው ነበር፤ እንደ በፊቱ ግን ካልሲ እያጠለቅኩ አልስቅም። አንዳንድ ቀን እጃቸውን ሳጥብ ያ መዝገብ ትዝ ይለኝና ውኃው እየፈሰሰ እቆማለሁ። እሳቸው ያውቁታል። አይጠይቁኝም።

ሥራው ግን ቀጠለ። አንቀጽ ሰባት ላይ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። እንዲሰርዙት ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፤ አልሰረዙትም። ከረጅም ክርክር በኋላ ያደረጉት ነገር ቢኖር ከሥሩ ባዶ ቦታ ትተው፣ «ተቃውሞሽን በራስሽ ቃል ጻፊ፤ እኔ አልነካውም» ማለት ብቻ ነው። ስድስት መስመር ጻፍኩ። አንብቢልኝ ብለው ሁለት ጊዜ አዳመጡት፤ «አራተኛው መስመር ላይ ሰዋስው ተበላሽቷል» አሉ። አስተካከልኩት።

ልጃቸው ለሁለት ወር ያህል ከእኔ ጋር ከመድኃኒት ሰዓት በቀር አላወራችም። አንድ እሁድ የረሳሁትን ቻርጀር ልወስድ ስሄድ ግን አባቷ አጠገብ ተቀምጣ የረቂቁን ገጽ በአማርኛ ስታነብላቸው ደረስኩ። እዚህ ያደገች ናት፤ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች እንደ ሕፃን ነው የምታነበው። አባቷ የሳተችውን ሁሉ ያርሟታል። ስታየኝ አፈረች፣ ግን አላቆመችም።

ስድሳ ስምንት አንቀጽ ሆኖ አለቀ። ሰባት ቅጂ አባዝቼ በዚያ ስብሰባ ለነበሩ ሰዎች በፖስታ ላክሁ። ከሁለት ሰዎች ብቻ መልስ መጣ። አንዱ በቀይ ብዕር የሃሌታው ሀ እና የሐመሩ ሐ ፊደል ስሕተት ብቻ አርሞ መለሰው። ሁለተኛው ያ ስለ ወሎ የጠየቀው ሰው ነበር። ስልክ ደውሎ፣ በንጉሥ እንደማያምን ለሽማግሌው ደግሞ ነገራቸውና ለረጅም ጊዜ ስለ አንቀጽ አርባ አንድ አወሩ። ስልኩን ይዤላቸው ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ እንደ ስብሰባው ቀን መጯጯህ አልነበረም።

በጸደይ ልጃቸው ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወደ እሷ ቤት ወሰደቻቸው። ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው የምድር ቤቱን ክፍል አዘጋጀችላቸው። እኔ አሁን ስፕሪንግፊልድ አንዲት የልብ በሽተኛ ሴት ጋ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ነው የምናየው። ሽማግሌው ሐሙስ ሐሙስ ይደውላሉ፤ ልጃቸው ናት ቁጥሩን የምትመታላቸው። ባለፈው ሳምንት ያስጨነቃቸው ነገር አልጋ ወራሹ ሳያድግ ንጉሡ አባቱ ቢሞት እስኪያድግ ድረስ ማን ይወክለዋል የሚለው ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሞግዚት ይሁን ያሉበትን አንቀጽ አሁን አልወደዱትም፤ ከየክልሉ አንድ አንድ ሰው ይሁን ይላሉ። እኔ ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ልጅ አያሳድግም አልኳቸው። ተከራከርን።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት እናቴ ደህና መሆኗን ይጠይቁኛል፤ ደህና ናት እላቸዋለሁ። እሷ ሰላምታ ልካላቸው አታውቅም፤ እሳቸውም ሰላም በይልኝ ብለውኝ አያውቁም።